ደንበኛውን ያነጋገሩት ክሪዎች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ግድብ ተቃውሞ ያወጣችሁትን አነበብኩ፤ ሰልፍና ግጭት በዝቶበታል። እኔ አዳማ ላይ የቆቃ ዓሣ ጠብሼ የምሸጥ ሴት ነኝ። የግድብ ጠላት አይደለሁም፣ ለህዳሴውም ቦንድ ገዝቻለሁ። ግን የካናዳ ነባር ሕዝብ የሆኑትን ክሪዎች እንዴት ዘለላችኋቸው?

የካናዳዋ ክፍለ ሀገር ኩቤክ የግሬት ዌልን ወንዝ ልትገድብ ስትነሳ ክሪዎች ከኢኑይት ጎረቤቶቻቸው ጋር አንድ ጀልባ ሠሩ፤ ግማሹ የክሪ ታንኳ፣ ግማሹ የኢኑይት ካያክ። እ.ኤ.አ. በ1990 በሀድሰን ወንዝ እየቀዘፉ ኒውዮርክ ገቡ። ለምን ኒውዮርክ? መብራቱን ልትገዛ የተዋዋለችው እሷ ነበረቻ! ነጋዴ ይህ ቶሎ ይገባዋል፤ ከሻጩ ጋር ከመጨቃጨቅ ደንበኛውን ማነጋገር። ልመናም አልነበረም። ቀድሞ በተገደበው ላ ግራንድ ወንዝ ዓሣው ውስጥ ሜርኩሪ መብዛቱን አስረዱ፤ ውሃ የዋጠው አፈርና ቅጠል ሲበሰብስ መርዙ ትንንሾቹን ዓሦች አልፎ በሚበሏቸው ትልልቆቹ ላይ ይከማቻል። (እዚህ ጋ ስደርስ መጥበሻው ላይ ያለውን አምባዛ ትክ ብዬ አየሁት።) ኒውዮርክ በ1992 ውሉን ሰረዘች፣ ኩቤክም በ1994 ዕቅዱን አቆመች። በ2002 ግን ክሪዎቹ ራሳቸው ተደራድረው ሌላ ወንዝ እንዲጠለፍ ተስማሙ፤ ሁሉንም ደስ አላሰኘም።

የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ሲጀምር የግጦሽ መሬታቸውን ውሃ የዋጠባቸውን የጅሌ ኦሮሞዎችስ ማን ጠየቃቸው? ያኔ ልጆች የነበሩ አዛውንቶች ዛሬም አሉ። ጋዜጠኛ ላኩ እንጂ፤ ከአዳማ ቆቃ ሩቅ አይደለም።

ዓሣ ጠባሿ፣ ከአዳማ