ለሀዋሳ ከተማ ጤና መምሪያ፦ እባካችሁ "መስኮት ክፈቱ" በሉን

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ አቶቴ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ሰዉ ሀኪም ቤት ከመሄዱ በፊት እኛ ጋር ስለሚመጣ ከተማው ምን እንደያዘው ቀድመን እንሰማለን። ይሄ የታህሳስ ሳምንት ደሞ ሌላ ነው። የገባው ሁሉ ጉሮሮዬን፣ ራሴን፣ ወገቤን ቆረጠኝ ነው የሚለው፣ አንዱ ከተኛ ቤተሰቡ በሙሉ በሁለት በሶስት ቀን ይከተላል። ጉንፋን ነው፣ ብርድ ነው ይሉና አዚትሮማይሲን ስጪኝ ይላሉ፣ አንቲባዮቲክ እኮ ቫይረስ አይገድልም ብዬ ስመልሳቸው የሚቀጥለው ፋርማሲ ይሄዳሉ።

አዲሱ የኮሮና ዝርያ ኦሚክሮን ነው ብዬ አልደመድምም፣ ሳይመረመር አይታወቅም። ግን የዓለም ጤና ድርጅት ህዳር 17 ቀን 2014 አሳሳቢ ዝርያ ብሎ ካወጀው ወዲህ እንዴት እንደሚሮጥ እያየን ነው፣ ከበፊቱ ዝርያ ከዴልታ ይፈጥናል፣ የተከተበውንም በፊት ታሞ የዳነውንም መልሶ ይይዛል። ቫይረሱ ተለውጧል፣ ሰዉ ጆሮ ውስጥ ያለው ምክር ግን አሁንም የ2012ቱ ነው፣ ያኔ ስልክ በደወልን ቁጥር የምንሰማው እጃችሁን ታጠቡ የሚለው። እጅ መታጠብ ጥሩ ነው፣ ለተቅማጡም ለሌላውም ይጠቅማል፣ ማንም ይተው አልልም። ይሄ በሽታ ግን በዋናነት የሚይዘን በምንተነፍሰው አየር ነው፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የአንዱ ትንፋሽ እንደ ሲጋራ ጭስ ተንሳፍፎ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ መጋቢት 2012 ላይ በአየር አይተላለፍም ብሎ ነበር፣ በ2013 ግን በአየር እንደሚተላለፍ ድረ ገፁ ላይ ፃፈ። እነሱ ካስተካከሉ እናንተም "በፊት እንዲህ ብለን ነበር፣ አሁን ይሄን አውቀናል" ብላችሁ በግልፅ ብትነግሩን ማንም አይንቃችሁም፣ እንዲያውም እናምናችኋለን።

ችግሩ ደሞ ምን መሰላችሁ፣ እኛ ሀገር መስኮት መክፈት ቀላል ነገር አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ ከሻሸመኔ በሚኒባስ ስመለስ ከኋላዬ አንድ ሰውዬ ያለማቋረጥ ይስላሉ፣ መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፣ መስታወቱ በትንፋሻችን ላብ አውጥቷል። የኔን ትንሽ፣ አንድ እጅ የሚያስገባ ያህል ከፈትኩት። አጠገቤ ህፃን የታቀፉ እናት "የኔ ልጅ ዝጊው፣ ልጁን ንፋስ ይመታብኛል" አሉኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ልጅ ይዘዋል፣ እምቢ ማለት አልቻልኩም ዘጋሁት። ሀዋሳ እስክንገባ ሰውየው እየሳሉ ህፃኑም ያንኑ አየር እየተነፈሰ መጣ። ያቺ እናት ልጃቸውን እየጠበቁ ነው የመሰላቸው፣ ንፋስ ይመታል ተብለው ነው ያደጉት፣ እኔም እንደዛ ተብዬ ነው ያደግኩት። ይሄንን ፍርሀት ስሙን ጠርቶ የሚያስረዳ ምክር እስካሁን አልሰማሁም። ንፋሱ ልጁን አያሳምመውም የታፈነው አየር ነው የሚያሳምመው፣ ህፃኑን በጋቢ ሸፍኑትና መስኮቱን ክፈቱት፣ የባጃጁን ሸራ ጠቅልሉት፣ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት መስኮቶች ክፈቱ በሉን። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በሲዳምኛም በወላይትኛም፣ በአባቶችና በኢማሞች በፓስተሮችም አፍ፣ በእድርም ይነገር።

ራሳችሁን በተለየ ክፍል አግልሉ የሚለውም መታየት አለበት። ፋብሪካ የምትሰራ አንዲት ልጅ እያሳላት መጥታ ፈረቃ እስክጨርስ የሚያቆየኝ መድሃኒት ስጪኝ አለችኝ፣ ቤት ብትውዪስ ስላት ለአራት ነው የተከራየነው አንድ ክፍል ነው፣ ከቀረሁም ይቆረጥብኛል አለች። ለሷ የተለየ ክፍል ማለት ምን ማለት ነው? ቤት ውስጥም ማስክ አድርጊ፣ በሩን ክፈቱት፣ ራስሽን ወደ መስኮቱ አድርገሽ ተኚ ቢባል ታደርገዋለች። የቀረችበት ቀን እንዳይቆረጥባት ግን ከአሰሪዎች ጋር መነጋገር የምትችሉት እናንተ ናችሁ፣ እኔ አልችልም።

ክትባቱንም አትርሱት። ህዳር ላይ ዘመቻው ከ12 አመት ጀምሮ ላለው ሰው ሁሉ ተከፍቷል፣ ግን ወጣት ሴቶች መሀን ያደርጋል ብለው ይፈራሉ፣ አሁን ደሞ የተከተበም እየታመመ ነው ምን ዋጋ አለው ማለት ተጀምሯል። መያዝንስ ሁሌ አያስቀርም፣ ኦክስጅን እስከመፈለግ ከመድረስና ከሞት ግን በብዙ ይጠብቃል፣ መሀንም አያደርግም፣ ልክ እንዲህ አድርጋችሁ ንገሯቸው። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው እናት አባቶቻችን ቀድመው ይከተቡ።

ይሄን ሁሉ የምቸኩለው ታህሳስ 19 ገብርኤል ስለሆነ ነው። ከአዲስ አበባም ከየቦታውም ሰው ወደኛ ይጎርፋል፣ መኪናው ሞልቶ ነው የሚመጣው፣ ፔንሲዮኑ ይሞላል፣ ከዛ ገና አለ፣ ከዛ ጥምቀት። በዓል ይቅር አልልም፣ እኔም ስለት አለብኝ። ሜዳ ላይ ከሚቆመው ይልቅ የሚያስፈራኝ መንገድ ላይ በተዘጋ መኪና አምስት ስድስት ሰዓት የሚቀመጠው ነው፣ ማስክም ባንክ በር ላይ ለጥበቃው ከሚታይ እዛ መኪና ውስጥ አፍንጫ ላይ ቢደረግ ይሻላል። መናኸሪያው ከመጨናነቁ በፊት ለሾፌሮችና ለረዳቶች ንገሯቸው፣ አንድ ገፅ ወረቀት ይበቃል፣ አትሙና ላኩልን፣ ፋርማሲያችን በር ላይ እኔ ራሴ እለጥፈዋለሁ፣ ለሚገባውም ሁሉ አነብለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አቶቴ፣ ታህሳስ 2014