ቆሻሻ ፍለጋ የወጣንበት ዓመት፦ የሳይንስና የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ዘገባ

በመስከረም መጨረሻ 23 ተማሪዎች በክበባችን ሲመዘገቡ ያቀረብኩላቸው ዕቅድ አጭር ነበር። በጎንደርና በዙሪያዋ የሚጣለውን የእርሻና የፋብሪካ ተረፈ ምርት እንመዘግባለን፤ ከመካከሉ አንዱን መርጠን ማገዶ እናደርገዋለን። የማስተምርባቸው መጻሕፍት ጭዱንም፣ እበቱንም፣ የቢራ ፋብሪካውንም አተላ በአንድ ላይ «ቆሻሻ» ስለሚሏቸው፣ ማግኘቱ ያስቸግረናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ጥቅምትን ሙሉ ልጆቹ በአራት ቡድን ተከፍለው ቅዳሜ ገበያን፣ አራዳን፣ ማራኪንና አዘዞን ዞሩ። የጤፍ ጭድ ለከብት መኖና ለቤት ምርጊት ይሸጣል። እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል። የቢራው አተላ የወተት ላም ላላቸው ሰዎች ይሄዳል፤ የጠላ ቤቱም አተላ እንዲሁ። የአናጺውን ሰጋቱራ ዶሮ አርቢው ይወስደዋል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በመዝገቧ ግርጌ «መምህር፣ እዚህ አገር የሚጣል ነገር የለም» ብላ ጽፋልኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የመራችን ይህች ዓረፍተ ነገር ናት። አንድን ነገር ማገዶ ከማድረጋችን በፊት ዛሬ ማን እንደሚበላው መጠየቅ ግድ ነው። ከላም አፍ ነጥቀን ያነደድነው ጭድ ስሙ ታዳሽ ኃይል ቢባልም ወተት ያስወድዳል።

በመጨረሻ በእርግጥ ባለቤት የሌለው ሆኖ ያገኘነው ከቄራ የሚወጣው ፈርስ ነበር። ለእኛ ደግሞ ከእርሱ የተሻለ አልነበረም። የሚነደውን ጋዝ፣ ሚቴንን፣ የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን በከብቱ ሆድ ውስጥ ስለሚኖሩ፣ ፈርሱ ምግቡንም እርሾውንም አብሮ ይዞ ይመጣል።

በኅዳር የመጀመሪያው ሳምንት፣ ጾመ ነቢያት ገብቶ እርዱ ከመቀነሱ በፊት፣ ባለ 200 ሊትር በርሜል አዘጋጀን። ፈርሱን ከውሃ ጋር እኩል በእኩል በጥብጠን ሦስት አራተኛውን ሞላነውና አየር እንዳይገባ አሸግነው። ጋዙ በጎማ ቱቦ ወጥቶ በአሮጌ የጭነት መኪና ካላማዳሪያ ውስጥ እንዲጠራቀም አደረግን። በመንገዱ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ የተጠቀጠቀበት አጭር ቱቦ አለ፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ብረቱ ይይዘዋል። በርሜሉ ከክፍሎቹ ርቆ ሜዳ ላይ ነው የቆመው። ሚቴን ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ በሆነ መጠን ሲቀላቀል ይፈነዳል፤ ስለዚህ ያለ እኔ ማንም ክብሪት ይዞ እንዳይጠጋ በቀይ ቀለም ጻፍንበት።

የመጀመሪያው ካላማዳሪያ ሲሞላ ልጆቹ ጨፈሩ። ክብሪቱ ሲቀርብ ግን እሳቱ ጠፋ። መጀመሪያ የሚወጣው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ አይነድም፤ አስቀድሜ ብነግራቸውም በዓይን ማየቱ ሌላ ነው። ከዚያ የጎንደር ብርድ መጣ። እነዚህ ተሕዋስያን 35 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይወዳሉ፤ የእኛ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊቷ ደግሞ አይራራም። ልጆቹ በርሜሉን ገለባ አልብሰው በላዩ ጥቁር ላስቲክ ጠመጠሙበት፤ ቀን ቀን ፀሐይ እንዲመታው አደረጉ። ከጥምቀት በኋላ በነበረው ሳምንት ሰማያዊው ነበልባል በራ። ትንሽ ነው፤ በቀን ብርሃን ለማየት እንኳ ጎንበስ ማለት ይጠይቃል። ለሁለት ወር በየጠዋቱ በርሜሉን ሲነካኩ የቆዩት ልጆች ግን ተራ በተራ ጎንበስ ብለው አዩት።

የዓመቱ ትልቁ ትምህርት ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቄራው ሥራ አቆመ፤ በርሜሉን የምንመግበው አጣን። ከልጆቹ የአንዱ እናት ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ ስለሆኑ ያደረና ላም እምቢ ያለችውን አተላ ሰጡን። ጋዙ በሁለት ቀን እጥፍ ሆነ። እኔም በደስታ ተመርቼ «ጨምሩ» አልኩ፤ ስሕተቱ የእኔ ነበር። በሳምንቱ ካላማዳሪያው አብጦ እያለ ነበልባሉ ጠፋ፤ በርሜሉም የሚሰነፍጥ ሽታ አመጣ። ሊትመስ ወረቀት እየነከርን ስንከራከር እኒያ እናት ልጃቸውን ሊጠሩ መጡ። ክዳኑ ሲከፈት አሸተቱና፣ «ልጆቼ፣ ይህ እኮ ኮምጥጧል። ጥንስስም ቢሆን ያለ ልክ ሲጨምሩበት እንዲህ ያደርጋል። አሳርፉት» አሉን።

ያሉት ትክክል ነበር። በበርሜሉ ውስጥ የሚሠሩት በደምሳሳው ሁለት ወገኖች ናቸው፦ አንደኛው ምግቡን ሰባብሮ አሲድ ያደርጋል፤ ሁለተኛው አሲዱን ወደ ሚቴን ይለውጣል። አሲድ ሠሪዎቹ ፈጣን፣ ሚቴን ሠሪዎቹ ዘገምተኛ ናቸው። እንደ አተላ ያለ በቀላሉ የሚፈርስና ራሱም ኮምጣጣ የሆነ ምግብ ሲበዛ አሲዱ ይከማችና ዘገምተኞቹን ያዳክማቸዋል። መመገብ አቆምን። የእንጨት አመድ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ በውሃ በጥብጠን ጥቂት ጥቂት ጨመርንበት፤ ለእርሾ ያህል አንድ ባልዲ ትኩስ እበት ለመንን። ነበልባሉ የተመለሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ መብላላት ከሰሌዳ ላይ ከገለበጡት ይልቅ በዚያ ከሰዓት የተማሩት ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። ከዚያ ወዲህ አተላ የሚገባው በጣሳ እየተለካ፣ ከእበት ጋር ተቀላቅሎ ነው።

የሰሊጥ አገዳውን በአጭሩ ልለፈው። በመተማ በኩል ከአጨዳ በኋላ ሜዳ ላይ የሚቃጠል አገዳ አለ። አንድ ተማሪ ከአጎቱ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ አስመጣ፤ በተዘጋ በርሜል አክስለን፣ አድቅቀን፣ በሸክላ አፈር ለውሰን ከሰል ጠፈጠፍን። በደንብ ያልከሰለው ጨሰ፤ የከሰለው ቀስ ብሎ ነደደ። በሚቀጥለው ዓመት የምንመለስበት ሥራ ነው። የእምቦጩም ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ ነገር ግን ከ90 በመቶ በላይ ውሃ የሆነን አረም ከጎርጎራ ጭኖ ማምጣት ከሚገኘው ጋዝ በላይ ነዳጅ ስለሚበላ ተውነው።

በሰኞ ውይይታችን ከሁሉ በላይ ያከራከረን የፊንጫው ስኳር ፋብሪካ ነበር። ከስኳሩ የሚተርፈው ሞላሰስ ተብላልቶና ተጣርቶ ኢታኖል ይሆናል፤ በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ ነበር። ብዙ ልጆች አረቄ ሲወጣ አይተው ስላደጉ የማጣራቱ ነገር አልከበዳቸውም። በትምህርት ቤታችን ግን አልኮል እንዲጣራ አልፈቀድኩም፤ ወደፊትም አልፈቅድም።

ከፋሲካ በኋላ በወላጆች ቀን በበርሜሉ ጋዝ ቡና አፈላን። አንድ ካላማዳሪያ ጋዝ ለአንድ ጀበና በቃ። ከበርሜሉ የሚወጣውን ዝቃጭ በጎመኑ መደብ ላይ አፍስሰን ስለነበር እናቶች ያንን ጎመን ከጎኑ ካለው መደብ ጋር እያስተያዩ ብዙ ጠየቁ። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ እበቱ በበርሜል ውስጥ ሲብላላ ግን ጋዝ ሆኖ የሚወጣው በአብዛኛው ካርቦኑ ነው፤ ናይትሮጅኑ በዝቃጩ ውስጥ ቀርቶ ወደ አፈሩ ይመለሳል።

እኒያ ጠላ ጠማቂ እናትም ቡናቸውን ይዘው ወደ በርሜሉ ተጠጉና ጠየቁኝ፦ «መምህር፣ አተላውን መጀመሪያ ላሚቱ ብትበላው፣ እበቷን ደግሞ እዚህ ብናስገባውስ?» አንዲት ላም በቀን 10 ኪሎ ያህል እበት ብትሰጥ፣ አንዱ ኪሎ ሲሞቅ ከ30 እስከ 40 ሊትር ጋዝ ያወጣል። እንጀራ አይጋግርም፤ ወጥና ቡና ግን ያደርሳል። በሰኔ ሁለት ቅዳሜ ልጆቹ ሜትር ይዘው የእኒያን እናት ጊቢ ለክተዋል፤ እበቱ የሚብላላበት ጉድጓድ ከበረቱ በስተ ምሥራቅ፣ ፀሐይ ቶሎ ከሚያገኘው ጥግ ላይ እንዲሆን ተስማምተናል።