እንቁላሉን ጥሬውን እንዳታቀርቢ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ለዚህ ሁሉ ዝምታ ይቅርታ አድርጊልኝ። ምክንያት ልደርድር ብል ወረቀቱ በሱ ያልቃል፤ ስንገናኝ ትቆጪኛለሽ፣ እኔም እሰማለሁ። አሁን ያስነሳኝ ስለ ኤግኖግ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከክሬም ስለሚሠራው የበዓል መጠጥ፣ የጻፍሽልኝ ያ መልእክት ነው። «ባለፈው ኤግኖጉ ድስት ውስጥ ጓጉሎ እንቁላል ፍርፍር ሆነብኝ፤ የዘንድሮን በዓል ግን እሳት ሳላስነካ ጥሬውን መትቼ አቀርበዋለሁ» ያልሽውን ካነበብኩ ወዲህ ሐሳብ ይዞኛል።

እባክሽ ተይው። እማማ አሉ፣ እህትሽ ነፍሰ ጡር ናት፣ ያ ሁሉ ሕፃንም ይሰበሰባል። ጥሬ እንቁላል ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባለው ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ቢኖር በጠረንም በጣዕምም አይታወቅም፤ ቅርፊቱ ንጹሕና ያልተሰነጠቀ መሆኑም ዋስትና አይሆንም። «የምጨምርበት ሩም አልኮል ስለሆነ ይገድለዋል» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። በኒውዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሆን ብለው ሳልሞኔላ የጨመሩበትን ኤግኖግ ፈትሸው፣ ባክቴሪያው የጠፋው ከ3 ሳምንት በኋላ ነው፤ ያም የአልኮሉ መጠን 20 በመቶ በሆነ መጠጥ ላይ ነበር። 20 በመቶ ለማድረስ ደግሞ ባለ 40 በመቶ ሩም ከቀሪው ጋር እኩል ለእኩል መቀላቀል አለበት። አንቺ የምትጨምሪው አንድ ብርጭቆ ከ6 በመቶ ብዙም አያልፍም፣ ያውም በዚያው ቀን ልትጠጡት። ስለዚህ እሳቱ ግድ ነው።

ደስ የሚለው፣ የሚገድለው ሙቀትና የሚያጓጉለው ሙቀት አንድ አይደሉም። በወተትና በስኳር የተበረዘ አስኳል 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ለጤና አስተማማኝ ይሆናል። መቋጠር የሚጀምረው ወደ 80ዎቹ ሲጠጋ ነው፤ 85ን ካለፈ አለቀለት። አንቺ የምትፈልጊው ከ71 እስከ 77 ያለውን ነው። ቴርሞሜትር ግዢ፤ ለዚህ መጠጥ ከብሌንደርም ከምንም በላይ የሚያስፈልግሽ እሱ ነው። ስትለኪ ጫፉ የድስቱን ቂጥ አይንካ፣ ያለዚያ የብረቱን ሙቀት ያነብልሻል።

ለ6 ብርጭቆ የሚሆነው ልክ ይኸው፦ 6 አስኳል፣ 100 ግራም ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ቅባቱ ያልወጣ ወተት፣ 250 ሚሊ ሊትር ክሬም፣ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ 3 ፍሬ ቅርንፉድ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ገውዝ፣ አንድ ቁንጥር ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኒላ። ጨዉን አትዝለዪው፤ ያለሱ ጣፋጩ ብቻ አፍ ላይ ይቀራል። ወተቱም ክሬሙም የፈላ ወይም ፓስቸራይዝድ የሆነ ይሁን።

ወተቱን ከቀረፋውና ከቅርንፉዱ ጋር ጣጂና ጠርዙ ላይ አረፋ ሲጀምር አውርጂው። ክደኚና 20 ደቂቃ ይቆይ፤ ቅመሙ ጣዕሙን የሚሰጠው ያኔ ነው። ቀረፋውን በዱቄት አታድርጊው። የቀረፋ ዱቄት አይሟሟም፤ እርጥበት ስቦ ይለጠጥና መጠጡን ሙልጭልጭ ያደርገዋል፣ የቀረውም ብርጭቆው ሥር ይዘቅጣል። ቅርንፉዱም ከ3 አይለፍ፤ ትንሽ ሲበዛ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ገውዙን ግን በፍሬው ገዝተሽ በዚያው ሰዓት ፈቅፍቂው፤ ተፈጭቶ የተቀመጠው ሽታው በኖ ምሬቱ ብቻ ይቀራል። ገውዝ ሲበዛ ሆድም ራስም ስለሚያውክ እጅሽን ያዝ አድርጊ።

ወተቱ በቅመሙ እስኪቃኝ አስኳሉንና ስኳሩን ምቺ። ስኳሩን አስኳሉ ላይ ጨምረሽ ሌላ ሥራ እንዳትሄጂ! ስኳር ከአስኳሉ ውሃ ስለሚስብ ሳይመታ ከቆየ ቢጫ ፍንጣሪ ይሆናል፤ ያ ፍንጣሪ በኋላ አይሟሟም። ቀለሙ ፈዘዝ እስኪልና መምቻውን ስታነሺው እንደ ቀጭን ጥብጣብ እስኪወርድ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃል።

አሁን ባለፈው ጉድ የሠራሽው ቦታ ላይ ደረስን። በጻፍሽልኝ መሠረት አስኳሉን ፈላ ያለው ወተት ላይ ገለበጥሽው አይደል? ትንሹ አስኳል ብዙ ሙቀት ሲያገኘው ወዲያው ይጠበሳል። ተገላቢጦሹን አድርጊ። ቅመሙን አጥልለሽ ወተቱን መልሰሽ አሙቂ፣ ከዚያ አስኳሉን ሳታቋርጪ እየመታሽ መጀመሪያ አንድ ጭልፋ ወተት በቀጭኑ አፍስሺበት፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ግማሹ ሲገባ ሁሉንም ወደ ድስቱ መልሺው። እሳቱ ዝቅ ይበል። የእንጨት ማንኪያውን የድስቱን ቂጥና ጥግ እያስነካሽ አማስዪ፤ መቋጠር የሚጀምረው ሁልጊዜ ከጥጉ ነው። ከ6 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጅብሻል። ድስት ጥደሽ ስልክ የምታነሺ ልጅ ስለሆንሽ ስልኩን ሌላ ክፍል ተዪው፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ፊቱ ላይ ያለው አረፋ እየጠፋ፣ እንፋሎቱ እየበዛ ሲሄድ ተቃርቧል። ማንኪያውን አውጥተሽ ጀርባውን በጣትሽ ስትሰነጥቂው መስመሩ ካልተዘጋ ደርሷል፤ ቴርሞሜትሩ 75 አካባቢ ሲያሳይሽ አውርጂ። «ገና ቀጭን ነው» ብለሽ እሳቱ ላይ አታቆዪው፤ የሚወፍረው ሲበርድ ነው። ቀዝቃዛውን ክሬም በዚያው ቅጽበት ጨምሪበት። ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላም ግለቱ ማብሰሉን ስለሚቀጥል፣ ክሬሙ ነው ቀጥ የሚያደርገው። ከዚያ ገውዙን፣ ጨዉንና ቫኒላውን ጨምረሽ በጠባብ ወንፊት አጥልዪው።

ጥቃቅን ፍሬ ካየሽ አትደንግጪ፦ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጪና በብሌንደር አንዴ አሽከርክረሽ አጥልዪው፣ ይመለሳል። ውሃውና እንቁላሉ ተለያይተው ከሆነ ግን አይመለስም፤ ወተትሽን አታባክኚ፣ እንደገና ጀምሪ።

ለብ ያለ ወተትና እንቁላል ለባክቴሪያ ምቹ ነውና ሳህኑን በረዶ ያለበት ውሃ ላይ አድርገሽ እያማሰልሽ አብርጂው፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ፍሪጁ ከ4 ዲግሪ በታች ይሁን። ሲያድር ቅመሙ ይዋሃዳል፤ ከዋዜማው አዘጋጂው። ከ3 ቀን በላይ አይቀመጥ፤ ጠረጴዛ ላይም ከ2 ሰዓት በላይ አይዋል። አረፋ የሚወዱ ካሉ ነጩን ጥሬውን አትምቺ፣ ችግሩ ያው ነው፤ ይልቅ ከክሬሙ ሩቡን አስቀርተሽ ለስለስ ብሎ እስኪነሳ ምቺና በማቅረቢያው ሰዓት አዋህጂው። የተረፈውን ነጭ ቀን ጽፈሽበት ፍሪዘር ውስጥ ክተቺ።

አንድ ነገር ደግሞ… እንዴት ብዬ እንደምልሽ ቸግሮኛል። ጋሼ መጠጥ ከተዉ ወዲህ ሁላችን የምንሰበሰብበት በዓል አልነበረም። ሩሙን ማሰሮው ውስጥ አትጨምሪ። ለብቻው ይቅረብና የፈለገ ሰው ለራሱ ብርጭቆ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ይቅዳ፤ መጠጡ በደንብ የቀዘቀዘ እስከሆነ ድረስ ጣዕሙ አይጎድልም። እሳቸው ሳይጠይቁ፣ ሰውም ሳያይ ከሌላው ጋር አብረው ይጠጣሉ። ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ቅር ይለኝ ነበር።

ለሙከራ ግማሹን ልክ በዚህ ሳምንት ሥሪው፤ 3 አስኳል ነው የሚወስደው። ስታወርጂው ቴርሞሜትሩ ያሳየሽን ቁጥርና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፊልኝ። ቶሎ ከደረሰ እሳትሽ በዝቷል ማለት ነው፤ ከበዓሉ በፊት እናስተካክለዋለን። በዚህ ጊዜ መልሱ አይዘገይብሽም።

ያንቺው እህት