ስለ መስመር ማስገቢያ ክፍያ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለውድ ደንበኞቻችን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የመስመር ማስገቢያ ክፍያ የምናስከፍልበትን ምክንያትና አዲሱን አሠራር ስለ ማሳወቅ

አዲስ የኢንተርኔት መስመር ለማስገባት ወደ ቢሯችን ከሚመጡም ሆነ ከሚደውሉ ደንበኞች በተደጋጋሚ የሚቀርብልን ጥያቄ፣ በየወሩ የአገልግሎት ክፍያ እየከፈልን ለምን ተጨማሪ የማስገቢያ ክፍያ እንጠየቃለን የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ በመስኮት በኩል በሁለት ቃል መልሶ ከመሸኘት ይልቅ በጽሑፍ ማስረዳቱ ይሻላል ብለን ይህን ደብዳቤ አዘጋጅተናል። መልሳችንን ከወዲሁ ለመግለጽ፣ ድርጅታችን የማስገቢያ ክፍያውን አያነሳም፤ ነገር ግን ከመጪው ወር ጀምሮ ክፍያው የሚሸፍነውንና የማይሸፍነውን ለይቶ በውሉ ላይ ያሰፍራል፣ አከፋፈሉንም ያቀላል።

መስመር ማስገባት ሲባል ብዙ ጊዜ ለደንበኛው የሚታየው ባለሙያው ቤት ገብቶ፣ ራውተሩን ሰክቶና የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ መውጣቱ ብቻ ስለሆነ፣ ለዚህ ሥራ ገንዘብ መጠየቁን የሚቃወሙ መኖራቸው አያስደንቅም። በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚገኝ ቤት የሚገባ የፋይበር መስመርን፣ ማለትም መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ክር ያለበትን ኬብል እንውሰድ። ሁለት ባለሙያዎች ምድር ላይ ካለው ማከፋፈያ ሳጥን ተነስተው ኬብሉን ወደ ላይ ያወጣሉ፤ ሕንፃው ሲሠራ ለስልክና ለቴሌቪዥን ተብሎ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ቱቦ ግን ባለቤቶች ቤታቸውን በሚያስጨርሱበት ጊዜ በሲሚንቶ ወይም በጀሶ ተደፍኖ ስለሚገኝ፣ መጎተቻ ሽቦ ልከው አልሄድ ሲላቸው ግድግዳውን በድሪል በስተው ኬብሉን በፕላስቲክ መሸፈኛ ያለብሱታል። ከዚያ የኬብሉ ጫፍ ይላጣል፣ በአልኮል ይጸዳል፣ በልዩ መቁረጫ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፣ በማሽን ውስጥም በኤሌክትሪክ ብልጭታ ከሌላው ጫፍ ጋር ይበየዳል። የመስታወቱ ክር ውፍረት 125 ማይክሮሜትር ብቻ በመሆኑ አቧራ የያዘ ወይም ጣት የነካው ጫፍ ብርሃኑን ያባክናል። ስለዚህ ባለሙያው ቤት ድረስ የደረሰውን የብርሃን መጠን በመለኪያ ያነባል፤ ንባቡ ከኔጌቲቭ 27 ዲቢኤም (የብርሃኑ ኃይል የሚለካበት አሃድ) በታች ከወረደ በተለምዶ የምንጠቀምበት መሣሪያ መስመሩን በአስተማማኝ ሁኔታ ሊይዝ ስለማይችል ብየዳውን አፍርሶ እንደገና ይሠራዋል። ሥራው ሲቀና በሁለት ሰዓት ያልቃል፤ የብሎኩ ኮሚቴ ፈቃድ ካልደረሰ ወይም ቁልፉን የያዘው ጥበቃ ተረኛ ካልሆነ ደግሞ ባለሙያዎቻችን ምንም ሳይሠሩ ተመልሰው በማግሥቱ ይሄዳሉ።

በዚህ ሥራ ላይ የሚውሉት ዕቃዎች ከመሰላሉና ከምስማሩ በስተቀር ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውጭ የሚመጡ ናቸው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ ቀደም ሲል በባንክ ከ60 ብር በታች ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ኬብሉም፣ ማገናኛውም፣ ቤት ውስጥ የሚቀመጠው መሣሪያም ዋጋቸው ከዚህ ጋር አብሮ ተንቀሳቅሷል። ባንድዊድዝ፣ ማለትም የኢንተርኔት አቅም፣ በጅምላ ገዝቶ ለሚያከፋፍል እንደ እኛ ላለ አነስተኛ ድርጅት ይህ ለውጥ በየቤቱ ደጃፍ የሚታይ ወጪ ነው።

የማስገቢያ ወጪውን እናንተው ቻሉና በወርኃዊ ክፍያ ቀስ በቀስ መልሱት የሚል ሐሳብ ያቀረቡልን ደንበኞች አሉ። በመጀመሪያ እይታ የሚያስማማ ይመስላል፤ ችግሩ የሚታየው ስሌቱ ሲሠራ ነው። ነገሩን ለማቅለል ለአንድ ቤት መስመር ማስገባት 6,000 ብር ይፈጃል፣ ከደንበኛው ወርኃዊ ክፍያ ላይ የባንድዊድዝ፣ የመብራት፣ የጄኔሬተር ነዳጅና የደመወዝ ወጪ ተቀንሶ የሚተርፈው ደግሞ 400 ብር ነው ብንል፣ ወጪው የሚመለሰው በ15 ወር ነው። ደንበኛው በአምስተኛው ወር ቤት ቢለቅ የተመለሰው 2,000 ብር ብቻ ይሆናል፤ የቀረውን 4,000 ብር አንድ ሰው መክፈል አለበት። ያ ሰው ደግሞ ለዓመታት ሳያቋርጥ የሚከፍለው፣ መስመሩን አንድ ጊዜ ብቻ ያስገባው ነባር ደንበኛ ነው፤ ምክንያቱም ጉድለቱ የሚሞላው በሚቀጥለው ዓመት የወርኃዊ ታሪፍ ጭማሪ ነውና። ነፃ የተባለውን ማስገቢያ ሳያውቀው ለሌላ ሰው የሚከፍል ደንበኛ እንዲኖረን አንፈልግም።

የከተማችን ነዋሪ በአብዛኛው ተከራይ መሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ቢደነግግም፣ ሰው በሥራ ለውጥ፣ በትዳር፣ በልጆች ትምህርት ቤት ምክንያት ሰፈር መቀየሩ አይቀርም።

በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻቸው ኢንስታሌሽን በነፃ እንደተሠራላቸው የነገሩን ደንበኞችም አሉ። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በአሜሪካ እንዲህ ያለው ስጦታ ብዙ ጊዜ ከ12 ወይም ከ24 ወር ውል ጋር የሚመጣ ሲሆን፣ ውሉ ሳያልቅ የሚያቋርጥ ሰው የማቋረጫ ክፍያ ይጠየቃል። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ኢንተርኔት አቅራቢዎች የአንድ ጊዜ ክፍያንም ሆነ የማቋረጫ ክፍያን ከወርኃዊው ዋጋ ጋር በግልጽ ሰሌዳ እንዲያሳውቁ ግዴታ ጥሏል፤ ግዴታው አነስተኛ አቅራቢዎችንም ያካትታል። እኛም የማሰሪያ ውልን አማራጭ በጥሞና ተመልክተነዋል። የተውነው ሥራውን ያጣ ወይም ቤት ልቀቅ የተባለ ደንበኛ ዘንድ ሄዶ የቀሩትን ወራት ክፍያ መጠየቅ ከማስገቢያ ክፍያው የከፋ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

ይህ ማለት የማስገቢያ ክፍያ ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ክፍያው ከእውነተኛው ወጪ በላይ ሆኖ የትርፍ ምንጭ ሲደረግ፣ ወይም ለአንድ ደንበኛ ሳይሆን ለመላው ሠፈር የሚያገለግል መሠረተ ልማት በመጀመሪያው ደንበኛ ላይ ሲጫን ተገቢነቱን ያጣል። በአንድ ብሎክ ውስጥ መጀመሪያ የጠየቀው ሰው ከመንገድ እስከ ሕንፃው ያለውን ዋና ኬብል ወጪ ተሸክሞ፣ ከእሱ በኋላ የመጡት ጎረቤቶቹ በርካሽ የሚገቡበት አሠራር በእኛ ዘንድ የለም። አንድ የፋይበር መስመር በማከፋፈያ አማካይነት ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ስለሚዳረስ፣ እስከ ሕንፃው ማከፋፈያ ሳጥን ድረስ ያለው ሁሉ የድርጅቱ ንብረትና የድርጅቱ ወጪ ነው። እርስዎ የሚከፍሉት ከሳጥኑ እስከ ቤትዎ ለሚዘረጋው ኬብል፣ ለማገናኛዎቹና ለባለሙያዎቹ የሥራ ዋጋ ብቻ ይሆናል። ራውተሩና የፋይበር መቀበያው በውሰት የሚሰጡ በመሆናቸው አይከፈልባቸውም፤ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ይመለሳሉ፣ በራሳቸው ሲበላሹም እንቀይራቸዋለን። የመብራት መዋዠቅ ግን የእነዚህ መሣሪያዎች ዋነኛ ጠላት ስለሆነ፣ ከማቀዝቀዣና ከምጣድ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ እንዳይሰኩ አደራ እንላለን።

ፋይበር ባልደረሰባቸው የከተማዋ ዳርቻዎች አገልግሎቱን የምንሰጠው በጣሪያ ላይ በሚተከል የ5 ጊጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ መቀበያ ነው። መቀበያው ከማማችን ጋር በቀጥታ መተያየት ስላለበት፣ መሐል ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ፣ ሮቶ ወይም አዲስ እየተሠራ ያለ ፎቅ መስመሩን ሊያዳክመው ይችላል። በዚህ ምክንያት ክፍያ ከመጠየቃችን በፊት ባለሙያ ልከን በነፃ እንለካለን፤ ከተተከለ በኋላ በውሉ የተጻፈው ፍጥነት በ15 ቀናት ውስጥ ካልተገኘ የከፈሉት የማስገቢያ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ይመለስልዎታል። ከጊዜ በኋላ ከፊት ለፊት ፎቅ ቢወጣና መቀበያውን ማዛወር ቢያስፈልግ፣ ወይም በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ምሰሶና ኬብል ቢነሳ፣ የማዛወሪያው ወጪ የእኛ ነው።

አከፋፈሉን በተመለከተ፣ የማስገቢያ ክፍያውን በአንድ ጊዜ መክፈል የሚከብደው ደንበኛ ያለ ምንም ጭማሪ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወርኃዊ ክፍያዎች ጋር አከፋፍሎ መክፈል ይችላል። ቤት የሚቀይር ነባር ደንበኛ ወደ አዲሱ ቤት ሲዛወር የሚከፍለው አዲስ የሚዘረጋውን ኬብልና ማገናኛ እንጂ የሥራ ዋጋውን አይደለም። የምናሳውቀው ዋጋ ሁሉ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካተተ ነው። ክፍያ የሚፈጸመው በባንክ ወይም በቴሌብር ብቻ ሲሆን ደረሰኝ ይሰጥበታል፤ ለባለሙያዎቻችን በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ፣ ለሻይ ተብሎም ቢሆን፣ የማስገቢያ ክፍያ አካል ሆኖ አይቆጠርም፣ ባለሙያው ከጠየቀም እንድታሳውቁን እንፈልጋለን።

አዲሱ አሠራር ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፤ መስመራቸውን ቀደም ብለው ያስገቡ ደንበኞች ምንም ዓይነት ተጨማሪ ክፍያ አይጠየቁም። ማመልከቻ አስገብተው መስመር በመጠባበቅ ላይ ያሉ ደንበኞች ግን ከቀድሞው የጥቅል ዋጋና ከአዲሱ ዝርዝር ዋጋ ዝቅተኛው ይታሰብላቸዋል። የዕቃና የሥራ ዋጋ ዝርዝሩ በቢሯችን መግቢያ ላይ የተለጠፈ ሲሆን፣ የራሱን ቤት ስሌት በወረቀት ማየት የሚፈልግ ደንበኛ በሥራ ሰዓት መጥቶ መጠየቅ ይችላል።

ከሰላምታ ጋር
የድርጅቱ አስተዳደር