«አደፍርስ»ን ለፈረንጅ አትስጡብን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ዕትማችሁ የኪነ ጥበብ ገጽ ላይ አንድ ጸሐፊ፣ አዲስ የአተራረክ ስልት የሚሞክሩ ልብ ወለዶች ከፈረንጅ የተቀዱ ስለሆኑ የእኛን አንባቢ ግራ ያጋባሉ ብለዋል። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ አሮጌ መጻሕፍት እሸጣለሁ። የአንባቢ ነገር ከተነሣ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ከእነዚህ ልብ ወለዶች አንዱ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ነው፤ የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ ከደብረ ሲና ወረድ ብሎ አርማንያ ላይ ያርፋል፤ ደራሲውም የዚያው አገር ልጅ ናቸው። መጽሐፉን የሞላው ንግግር ነው። ወይዘሮ አሰጋሽ ይናገራሉ፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣው አደፍርስ ይከራከራል፣ ሌላው መሐል ይገባል፤ ተራኪው ዳር ይዞ ይሰማል እንጂ አይፈርድም። ይህ ከፈረንጅ ነው የተቀዳው? ጸሐፊው ጣርማበርን ተሻግረው አንድ ለቅሶ ቤት ይቀመጡና ይዩት። አንዱ «የማን ልጅ ነህ?» ይላቸዋል። መልሱን ሳይጨርሱ ሌላው አያታቸውን ይቆጥራል፣ ሦስተኛው «የለም፣ በእናቱ የመንዝ ሰው ነው» ብሎ ያርማል። ማንነታቸው እዚያው ፊታቸው፣ እርሳቸው ሳይጠየቁ ይወሰናል። አደፍርስም ስለ ለውጥ ሲያወራ ሰሚዎቹ የሚያዩት እርሱ ራሱን ከሚያየው ሌላ ሰው ነው፤ ሁለቱን እይታ የሚያስታርቅ የደራሲ ቃል የለም።

በቅርቡ እጄ የገባ አንድ ቅጂ አለ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ኅዳግ በእርሳስ ተሞልቷል፤ የቀድሞ ባለቤቱ በየንግግሩ አጠገብ የተናጋሪውን ስም ጽፎበታል። ወደ ውስጥ ሲገባ ጽሑፉ እየሳሳ ይሄድና መጽሐፉ ሳይጋመስ ጭራሽ ይቆማል። ሰውዬው ግን ማንበቡን አልተወም፤ የቡናው ነጠብጣብ እስከ መጨረሻዎቹ ገጾች ይዘልቃል። ሰዎቹን በአነጋገራቸው መለየት ለምዶ ነው እርሳሱን ያስቀመጠው።

መቼም ቀላል መጽሐፍ ነው አልልም። ዘዬው ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ሰዎች እንኳ አልፎ አልፎ ይጠጥርብናል። የምዕራፍ ቅደም ተከተል በማገላበጥ ብቻ «አዲስ ነኝ» የሚል ልብ ወለድም ስለማይጠፋ፣ በዚያ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም።

የምለምነው ይህን ነው፦ ባለመብቶቹን አስፈቅዳችሁ ከመጽሐፉ አንድ የክርክር ገጽ ብታወጡ፣ አንባቢ ራሱ ያየዋል። ዘዬውን ግን አራሚዎቻችሁ እንዳያቃኑብን አደራ።

አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ
ከደብረ ብርሃን