ቦምቡን የሠራ ሰው አጠቃቀሙም ያገባዋል

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፦

በቅርቡ በዚህ ዓምድ የወጣ አንድ አስተያየት የኑክሌር መሣሪያ በጦርነት ላይ ይዋል ወይስ አይዋል የሚለው ጥያቄ የመንግሥታት እንጂ የሳይንቲስቶች ጉዳይ አይደለም ሲል ደምድሟል። የጸሐፊውን ቅንነት አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ይኸው ሐሳብ የመጀመሪያዎቹን ቦምቦች የሠሩትን ሰዎች እርስ በርስ ያከራከረ መሆኑ ሳይነሣ መታለፉ ስላሳሰበኝ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ጀርመን እጅ ከሰጠች ከአንድ ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 1945፣ ቦምቡን ለመሥራት በተዘረጋው የአሜሪካ ምስጢራዊ ፕሮጀክት ሥር በቺካጎ በነበረው ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ሰባት ሳይንቲስቶች በፊዚክስ ሊቁ በጄምስ ፍራንክ ሰብሳቢነት ለአሜሪካ መንግሥት ሪፖርት አቀረቡ። ቦምቡ ያለ ማስጠንቀቂያ በጃፓን ላይ ቢጣል አገራቸው በዓለም ዘንድ ያላትን አመኔታ እንደምታጣና የጦር መሣሪያ እሽቅድምድም እንደሚከተል አሳስበው፣ ይልቁንም የአገራት ተወካዮች በተገኙበት ሰው በማይኖርበት በረሃ ወይም ደሴት ኃይሉ እንዲታይ ጠየቁ። በዚያው ወር የፕሮጀክቱ ታላላቅ የፊዚክስ ሊቃውንት ኦፐንሃይመር፣ ፌርሚ፣ ሎውረንስና ኮምፕተን የነበሩበት፣ መንግሥትን የሚያማክር የሳይንስ ቡድን ግን ጦርነቱን ሊያስቆም የሚችል ማሳያ ማቅረብ እንደማይችልና ለውጊያ በቀጥታ ከማዋል በቀር ተቀባይነት ያለው አማራጭ እንደማይታየው ገለጸ። ማሳያው ቢከሽፍስ፣ ጦርነቱ ቢራዘምና ብዙ ወታደሮች ቢያልቁስ የሚለው ስጋት ከባድ ነበር፤ ይህን አልክድም።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ቡድኑ ቦምቡ ይጣል የሚለውን ወገን ከደገፈ በኋላ፣ በዚያው አጭር ሰነድ መጨረሻ ላይ፣ የአቶም ኃይል የሚያስከትላቸውን ፖለቲካዊ፣ ማኅበራዊና ወታደራዊ ችግሮች ለመፍታት የተለየ ብቃት እንደሌለው ተናገረ። ብቃት የለኝም ያለው ቡድን ድምፁን ሰጥቷል ማለት ነው። እንግዲህ «አያገባንም» የሚለው ቃል ያገደው የተቃዋሚዎቹን አፍ ብቻ እንጂ የደጋፊዎቹን አልነበረም።

ተቃዋሚዎቹማ ምን ያህል እንደደከሙ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 አንስታይን ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረመውን ደብዳቤ በማዘጋጀት ለቦምቡ ሥራ መጀመር ምክንያት ከሆኑት አንዱ የፊዚክስ ሊቁ ሊዮ ዚላርድ ነበር። ይኸው ሰው በ1945 ጁላይ 17፣ የመጀመሪያው ሙከራ በኒው ሜክሲኮ በተካሄደ ማግሥት፣ በቦምቡ አጠቃቀም ላይ 70 ሳይንቲስቶች የፈረሙበትን የተቃውሞ አቤቱታ ለፕሬዚዳንት ትሩማን ላከ፤ ሆኖም ወረቀቱ በምስጢር ጥበቃና በቢሮ ሰንሰለት ተይዞ ቦምቡ በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ ከመጣሉ በፊት ትሩማን እጅ ሳይደርስ ቀረ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1944 መጨረሻ፣ ጀርመን ቦምብ እየሠራች አለመሆኑን የተረዳው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ሮትብላት ቦምቡ ይሠራበት የነበረውን የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ለቅቆ ወጥቷል። አብዛኞቹ ወደ ሥራው የገቡት ሂትለር እንዳይቀድማቸው ፈርተው ነበር፤ ፍርሃቱ ሲወገድ ግን ሥራው በራሱ ግፊት ቀጠለ። ቆም ብሎ «አሁንስ ለምን?» ብሎ ለመጠየቅ ከሮትብላት የተሻለ አርአያ አላውቅም።

ስለዚህ አስተያየቱን የጻፉትን ወገን አንድ ነገር በትሕትና እጠይቃለሁ፦ ሳይንቲስት ስለ መሣሪያው አጠቃቀም አይናገር ከተባለ፣ ይህ ክልከላ የአማካሪ ቡድኑን አባላትም ይመለከት ነበር ወይስ የፍራንክንና የዚላርድን ወገን ብቻ? መልሳቸውን በዚሁ ዓምድ ለማንበብ እጠባበቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ