ጋቢ የለበሰው ሞደም

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብህ። ምክንያት ልደርድር ብል ትስቅብኛለህ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በቃ።

ባለፈው ቅዳሜ የእማዬን ቁም ሳጥን ስናራግፍ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ሞደማችንን! ያንን ኮምፒውተራችንን በስልክ መስመር ከኢንተርኔት የሚያገናኘውን ሳጥን። አንተ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ የጫርከው የይለፍ ቃል እንኳ አልለቀቀም። ሌሊት ጩኸቱ እማዬን እንዳይቀሰቅስ ጋቢ ስናለብሰው ትዝ ይልሃል? እሷ ደግሞ ከመኝታ ቤት ስልኩን አንስታ "ማነው?" ስትል መስመሩ ድርግም። ፎቶው ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ነበር የሚወርደው፤ ግንባር ብቻ ይዘን እንቀራለን።

የእህቴ ልጅ "ለምንድነው የሚጮኸው?" አለኝ። የስልክ መስመር የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው፤ በሰከንድ ከ300 እስከ 3400 ጊዜ (ኸርዝ) ገደማ የሚርገበገበውን ብቻ ያሳልፋል። የኮምፒውተር ቋንቋ ደግሞ ዜሮና አንድ ብቻ ነው፤ በዚያ ማለፍ ከፈለገ እነሱን ማፏጨት አለበት። በፈረንጆች 1962 የወጣው ቤል 103 ሞደም፣ ደዋዩ ዜሮን በ1070፣ አንድን በ1270 ኸርዝ ያፏጫል። መላሹ ድምፁን ቀጠን አድርጎ በ2025 እና በ2225። ስለዚህ ሁለቱም እኩል እያወሩ ይደማመጣሉ። ካንተና ከኔ ይሻላሉ።

የኛው ባለ 56 ኪሎቢት ነበር፤ በሰከንድ እስከ 56 ሺህ ቢት፣ ማለትም ዜሮ ወይም አንድ። ያ መጀመሪያ ላይ የሚንጫጫው፣ መስመሩን እየሞከሩ በምን ፍጥነት እንደሚያወሩ ሲዋዋሉ ነው። በክረምት መቼ ተስማምተው ያውቃሉ!

ልጁ አላመነኝም። የሞደም ድምፅ ከዩቲዩብ ፈልጎ፣ ወደ ሞባይሌ ደውሎ አሰማኝ። የታነቀ ዶሮ መሰለ። ሞባይል ድምፅ የሚጨምቀው የሰው ንግግር አስቦ ነውና ፉጨቱን አበላሽቶ ነው የሚያወጣው።

ማታ ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሠራሁ። ቤል 103 በሰከንድ 300 ቢት ይልካል። አንድ የላቲን ፊደል ከነማጀቢያው 10 ቢት ስለሚወስድ፣ በሰከንድ 30 ፊደል ነው። የኛ አንድ ፊደል ግን በዛሬው ኮምፒውተር የሦስት ቦታ ስለሚይዝ 10 ብቻ። ይህ ደብዳቤ በዚያ ፍጥነት ቢላክ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። እኔ ስድስት ዓመት ፈጀሁበት።

ሞደሙን ልጥለው ስል እማዬ ቀምታኝ ቁም ሳጥኗ ውስጥ መለሰችው። ላንተም መልእክት አላት፦ "ይደውል በለው፤ አሁን መስመር አልቆርጥባችሁም።"

ያንተው ጠፊ